ባለ ሁለት ራሱ ግማሽ ሰው

አፖሎስ ኦቢስ አልነሳ የሚል ነገር አይወድም ነበር። ከኩቡስ መንደር አንስቶ እስከ ጋሪፕ ወንዝ ባለው ደረቅ አገር የቆሙትን የነፋስ ፓምፖች ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ፓምፕ ሲቆም ፍየል ይጠማል፤ ፍየል ሲጠማ ባለቤቱ ከአፖሎስ ደጃፍ አይጠፋም። አፖሎስ መፍቻውን ይዞ ይሄዳል፣ ፓምፑን ይሰድበዋል፣ ይፈታዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፣ ፓምፑም ይነሳል። ዕድሜውን በዚህ ሥራ ስለገፋ፣ በደንብ ተሰድቦ በደንብ ከተፈታ የማይነሳ ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር።

ግማሽ ሰውን ለማሳደግ የተነሳውም በዚሁ እምነቱ ነው።

ግማሽ ሰው ከመንደሩ በላይ ባሉት ተራሮች፣ በድንጋይ መሃል የሚበቅል ተክል ነው። ቅርንጫፍ የለውም። ውሃ የሚያጠራቅምበት አንድ ወፍራም እሾሃም ግንድ አለው፤ ጫፉ ላይ አንድ ጭብጥ ቅጠል ያወጣና አናቱን ወደ ሰሜን ዘንበል አድርጎ ይቆማል። ከሩቅ ላየው ሰው ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ እነዚህ ተክሎች ከወንዙ ማዶ ተባረው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ አገራቸውን ዞር ብለው ሲያዩ እዚያው ደርቀው ቀሩ ይላሉ። ቁመቱ በዓመት የጥፍር ያህል ቢጨምር ነው። አንድ እሁድ ታዲያ ፓስተር ክላሰን በስብከቱ መሃል ይህን ተክል አነሳና፣ ከተራራ አውርዶ ግቢው የተከለ ሰው ሁሉ ሬሳ ሲያጠጣ ነው የከረመው፣ ግማሽ ሰው በሰው እጅ አይበቅልም አለ። ስብከቱ ስለ ትዕቢት ነበር። አፖሎስ ስለ ትዕቢት የተባለውን አልሰማም። የሰማው አይበቅልም የሚለውን ነው።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ተራራው ሥር ፓምፕ ሲጠግን ነፋሱ የግማሽ ሰው ዘር አምጥቶ ሹራቡ ላይ ለጠፈለት። ዘሩ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ፀጉር አለው። አፖሎስ አንድ በአንድ ለቅሞ በክብሪት ቀፎ ከተተና ቤት ሲገባ ለሚስቱ ለሊስቤት አሳያት።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ግማሽ ሰው።»

ሊስቤት ቀፎውን ጎንበስ ብላ አየችው። «ሌላው ግማሹስ?» አለችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

አፖሎስ ባረጀ የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ ውስጥ አሸዋና የደቀቀ ድንጋይ ሞልቶ ዘሩን ዘራ። ሳምንት ሳይሞላ አብዛኛው ብቅ አለ። በጣም ደስ አለውና ውሃ አጠጣ። ውሃ ሥራው ነው፤ ሰው ሁሉ እሱን የሚፈልገው ለውሃ ነው፤ ተክልም እንደዚያው መሰለው። ጠዋት ሲወጣ ያጠጣል፣ ማታ ሲገባ ያጠጣል። ችግኞቹ አንገታቸው እየለሰለሰ አንድ በአንድ ተኙ። አንዱ በተኛ ቁጥር ሊስቤት በመስኮት ብቅ ብላ «ይሄኛውም ጠግቦ ነው?» ትለዋለች። እሱ ማጠጣቱን ይቀጥላል።

በመጨረሻ አንድ ቀረ። እሱም የተረፈው ቆርቆሮው ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ስለነበረና ውሃው በዚያ በኩል ስለሚፈስ ነው። አፖሎስ ስንጥቁን ለመበየድ መሣሪያውን አዘጋጅቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ቁጭ ብሎ ቆርቆሮውን ሲያይ ዋለ። ሲመሽ መበየጃውን ወደ ቦታው መለሰ።

ከዚያ ወዲያ የተክሉ እንክብካቤ ማለት እጅን መሰብሰብ ሆነ። አፖሎስ ተክሉን በግማሽ ወደ ተቆረጠ የዘይት በርሜል አዛወረው፤ ታቹን በሳው፤ ጠጠር ሞላበት፤ ፀሐይ በሚመታው በሰሜኑ ግድግዳ አስጠግቶ አስቀመጠው። ክረምት ሲገባ ቅጠል ያወጣል፤ ያን ጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀምሳል። በጋ ሲሆን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ጠብታ አይነካውም፤ ከባሕሩ የሚመጣው ጭጋግ ይበቃዋል። የተኛ ተክልና የሞተ ተክል ደግሞ መልካቸው አንድ ነው። አፖሎስ በጋውን ሙሉ ወንበር አውጥቶ፣ መፍቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሞተ አልሞተም እያለ ያየዋል። መፍቻው ለምን እንደሚያስፈልገው ሊስቤት አንድ ጊዜ ጠይቃው ነበር። ዝም ብሎ ይሁን አላት።

ጎረቤታቸው ድሪካ ስዋርትቦይ ትባላለች። የሊስቤት የአክስት ልጅ ናት። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ካስፓር ደግሞ ወደ ወደብ ከተማዋ ፖርት ኖሎት ወርዶ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ነበር። ተክሉ የአውራ ጣት ያህል በደረሰበት ክረምት ጀልባዋ ሰጠመች። አስከሬኑ አልተገኘም። ለቅሶው ላይ አፖሎስ ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ሲያመላልስ ነበር፤ መንደሩም ያቅሙን አደረገ።

የሁለቱን ግቢ የሚለየው የሽቦ አጥር ነው። ድሪካ ፍየሎች አሏት፤ ከሁሉ ትልቁ ወጠጤ በጺሙ ምክንያት ፓስተር ይባላል። ፓስተር ክላሰን ይህን ያውቃል፤ አንስቶት ግን አያውቅም።

ከለቅሶው ጥቂት ወራት በኋላ አፖሎስ ከሥራ ሲመለስ የተክሉን አናት አጣው። ከነእሾሁ፣ ከነቅጠሉ፣ ሙልጭ ብሎ ተገምጦ ሄዷል። በርሜሉ ዙሪያ የፍየል በጠጥ ተበትኗል። አፖሎስ ወዲያው ወደ አጥሩ ሄዶ ድሪካን ጠራት።

«ፍየልሽ ተክሌን በላው።»

«ፓስተር ከጠዋት ጀምሮ ታስሯል» አለች ድሪካ።

ፓስተር በዚህ ጊዜ የተበጠሰ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከበስተኋላዋ ቆሟል። እያላመጠም ነው።

«ታስሯል?» አለ አፖሎስ።

«ታስሯል።»

አፖሎስ ፍየሉን አየ፣ ገመዱን አየ፣ እሷን አየ። እሷ ወደ ኋላዋ ዞር አላለችም። አፖሎስ እንግዲያው የታሰረው ፍየል ምን እያላመጠ እንደሆነ ጠየቃት፤ ፍየል ምን ጊዜም ያላምጣል አለችው። አጥር መዝለል የለመደ ፍየል መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ታርዶ ለጎረቤት ይከፋፈላል፣ ልማዱም ይኸው ነው አላት። ድሪካ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም ቢላ አያነሳበትም አለችና ገብታ በሩን ዘጋችው። አፖሎስም ገብቶ የራሱን ዘጋ። የእሱ በር ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የዘጋው።

እንዲህ ተኳረፉ። ኩርፊያው ዓመታት ፈጀ።

ኩርፊያቸው ሥርዓት ነበረው። ሊስቤት እንደ ልቧ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ከሁለቱም ወሬ ትሰማለች፤ የአንዱን ለሌላው አታደርስም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ዘመን ጥሩ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም ትላለች። ድሪካ ለአፖሎስ የምትለው ሲኖራት አጥሩ ጋ ቆማ ጮክ ብላ ለፍየሎቿ ትናገራለች። አፖሎስም የሚመልሰው ካለው ለበርሜሉ ይመልሳል። አንድ ጊዜ የድሪካ ፓምፕ ፍየሎቹ ማደሪያ ጋ ቆመባት። ከሌላ መንደር ሰው አስመጣች፤ ሰውዬው ሁለት ቀን ደክሞ፣ ይባሱን አበላሽቶት ሄደ። በሦስተኛው ቀን አፖሎስ ሳይጠራ ሄደ። ፓምፑን ፈታ፣ ሰደበው፣ ገጠመው። ድሪካ ፍም ላይ የጋገረችውን ዳቦና የፍየል ሥጋ በሳህን አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችለትና ፈቀቅ አለች። በላ። ሲጨርስ ውሻዋን አመሰግናለሁ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ተክሉስ? አፖሎስ ሞቷል ብሎ እርሙን አውጥቶ ነበር። በርሜሉን ግን አልደፋውም። በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ላይ ከተገመጠው ጎንና ጎን ሁለት እንቡጥ ብቅ አለ። ወር ሳይቆይ እያንዳንዱ የየራሱን ቅጠል አወጣ። ግማሽ ሰው ባለ ሁለት ራስ ሆነ፤ ሁለቱም ራሶች ወደ ሰሜን ዘንበል አሉ። አፖሎስ ሊስቤትን ጠርቶ አሳያት። ደስ ብሎታል፤ ደስ ያሰኘው የማን ሥራ እንደሆነ ሲያስበው ደግሞ ይናደዳል።

ሊስቤት አየችና «አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የድሪካ» አለች።

ያን ቀን እራቱን አልበላም።

ፓስተር፣ ፍየሉ ማለቴ ነው፣ አርጅቶ ሞተ። ድሪካ አላረደችውም፤ ቆዳውን እንኳ አልገፈፈችም። ከቤቷ ኋላ ጉድጓድ አስቆፍራ ሙሉውን ቀበረችው። በመንደሩ ይህን ያህል ሥጋ አፈር ሲገባ ያየ ሰው ስለሌለ ነገሩ ከረም ብሎ ተወራ። አፖሎስ ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ሲቀጠቅጥ ዋለ፤ ምን እየሠራ እንደሆነ ሊስቤት ብትፈልግም አላገኘችም።

ተክሉ ቀስ እያለ ወደ አፖሎስ ጉልበት ተጠጋ። አፖሎስም ጉልበቱን ያመው ጀመር።

በኋላ ክፉ ዓመታት መጡ። ዝናቡ ቀረ። ከሩቅ የመጡ ሰዎች በጨለማ ተራራውን እየቆፈሩ በሕግ የተጠበቁ ተክሎችን በካርቶን ጭነው ወደ ባሕር ማዶ መሸጥ ጀመሩ። ጠጠር የሚያካክሉትን ትንንሾቹን ሳይቀር በማንኪያ እየፈነቀሉ ወሰዷቸው። ግማሽ ሰው ከነበረበት ብዙ ቦታም ጉድጓድ ብቻ ቀረ። አፖሎስ ይህን ሲሰማ፣ ሌቦቹን ይዞ የነፋስ ፓምፕ ላይ መስቀል ነው ይል ነበር። በዚያ ሰሞን ሁለት ተጓዦች በመንደሩ ሲያልፉ የአፖሎስን ተክል አይተው ፎቶ አነሱት። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ከተማ ደረሰ፤ ከከተማ ደግሞ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ፎቶውን ይዞ መጣ። አፖሎስ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ወንበር ሰጠው። ሌባ ተብሎ የሚፈለገው ራሱ መሆኑን የተረዳው ሻዩ ከቀረበ በኋላ ነው።

ሰውዬው ፎርቶይን ይባላል። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሜትር ይዟል።

«አባት፣ ይህን ተክል ከየት አመጡት?»

«ከሹራቤ።»

ፎርቶይን ጻፈው። ከዚያ ሰረዘው። አፖሎስ ከዘር እንዳበቀለው አስረዳው። ፎርቶይን በትዕግሥት አዳመጠና፣ እስካሁን የገባበት ግቢ ሁሉ ከዘር አበቀልኩት ያላለው ሰው እንደሌለ ነገረው። ደግሞም ይሄኛው ሁለት ራስ አለው። ፎርቶይን ባለ ሁለት ራስ ያየው ተራራ ላይ፣ እሱም መብረቅ ወይም ድንጋይ በመታቸው ባረጁት ላይ ብቻ ነው። በበርሜል ውስጥ በሰላም ያደገ ተክል ሁለት ራስ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየውም።

«ምክንያት አለው» አለ አፖሎስ ወደ ድሪካ አጥር እያየ።

ፎርቶይን ሕጉን አስረዳ። ተክሉን ትንሽ ሆኖ ያየ፣ ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ አንድ ምስክር ከተገኘ ፈቃድ ይሰጣል። ካልተገኘ ግን ነገ መኪና ይመጣና ተክሉ ተጭኖ ይሄዳል።

«ድሪካ አለች» አለች ሊስቤት።

«ሌላ ሰው የለም?» አለ አፖሎስ።

«በዚያ በኩል ያለው ጎረቤታችን የመቃብር ቦታ ነው። ከእነሱ የምታስጠራው ካለ ንገረኝ።»

 ሊስቤት ሄዳ ድሪካን አመጣቻት። ድሪካ በሽርጧ እጇን እየጠረገች በራሷ በኩል አጥሩ ጋ ቆመች። ፎርቶይን ሰላምታ ሰጥቶ ይህን ተክል ያውቁታል ወይ አላት።

«አውቀዋለሁ» አለች። አውራ ጣቷን አቁማ አሳየችው። «ይህን ሲያህል አውቀዋለሁ።»

«መቼ ነበር እማማ?»

«ልጄ የሞተ ዓመት።»

ፎርቶይን ባርኔጣውን አወለቀና ጻፈ። «ሁለት ራስ እንዴት እንዳወጣስ ያውቃሉ?»

ሊስቤት ጫማዋን ታይ ጀመር። አፖሎስ በርሜሉን ያያል። ድሪካ የደረቀ እጇን እንደገና ጠረገች።

«ፍየል በላው» አለች።

«የማን ፍየል?»

«ፍየል ነዋ ልጄ። ፍየል አጥር ሲዘል መታወቂያ አያሳይም።»

«የእሷ ነው» አለ አፖሎስ ለፎርቶይን። ሊስቤት እግሩን ረገጠችው። «እግሬን አትርገጪኝ። የእሷ ፍየል ነው።»

ፎርቶይን የፍየሉ ባለቤት ማንነት መሥሪያ ቤቱን እንደማያገባው፣ ፍየል መሆኑ ብቻ እንደሚበቃ ተናገረ። «ባለቤቱ ያልታወቀ ፍየል» ብሎ ጽፎ አነበበላቸው። ድሪካ ፈረመች። አፖሎስ ብዕሩን ተቀበለ፣ ወረቀቱን አየ፣ ብዕሩን መለሰ።

«እኔ ውሸት ላይ አልፈርምም።»

ፎርቶይን ካልፈረመ ተክሉ እንደሚወሰድ ደግሞ ነገረው። ይወሰድ አለ አፖሎስ። ይህን ብሎ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሊስቤት ብዙም በማታወጣው ድምፅ፣ ይህን ተክል ያሳደግኸው አንተ ብቻ አይደለህም፣ በየበጋው ሞተ አልሞተም ስትል ያደመጥኩህ እኔ ነኝ፣ ፈርም አለችው። አልፈረመም።  ከድሪካ ግቢ አንዲት ግልገል ትጮሃለች።

«ጻፍ ልጄ» አለች ድሪካ በመጨረሻ። «ፓስተር ነው የበላው።»

ፎርቶይን ቀና አለ። «ፓስተር ክላሰን?»

«እሱማ ጎመን እንኳ አይበላም። ፍየሉን ነው የምልህ። ፓስተር። የኔ ፓስተር።»

ፎርቶይን ሊስቤትን አየ። ሊስቤት ራሷን ነቀነቀችለት። የጻፈውን ሰረዘና «ፓስተር የተባለ የወይዘሮ ድሪካ ስዋርትቦይ ፍየል» ብሎ ጻፈ። አፖሎስ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ፈረመ።  ይህን ቀን ለዓመታት ጠብቆታል፤ ይህ ቀን ሲመጣ የሚላትን እዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ሲያዘጋጅ ነው የኖረው። አንዱም ትዝ አላለውም።

«አመሰግናለሁ» አላት። ለውሻው አልነበረም።

«እሺ» አለች ድሪካ፣ ገባች።

ፈቃዱ ቁጥር ካለው ትንሽ የብረት ምልክት ጋር መጣ። አፖሎስ በርሜሉ ላይ በሚስማር መታው። ከዚያ በኋላ በአጥሩ ላይ ስለ ጭጋግና ስለ ነፋስ አንዳንድ ቃል መለዋወጥ ጀመሩ። ብዙ አልነበረም። ዓመታት ዝም ያሉ ሰዎች ወሬ ከየት እንደሚጀመር ይጠፋቸዋል።

ፈቃዱ ከመጣ በሁለተኛው ክረምት ከሁለቱ ራሶች አንዱ አበበ። አበባው ውጪው ቢጫ፣ ውስጡ የደረቀ ደም የሚመስል ቀይ ነው። አፖሎስ ዘር ያፈራል ብሎ ጠበቀ፤ አበባው ረግፎ ባዶ ቀረ። ለፎርቶይን ደውሎ ተክሉ ምን እንደጎደለው ጠየቀው። ፎርቶይን ይህ ተክል ከራሱ ጋር አይዳቀልም፣ የሌላ ተክል የአበባ ብናኝ ያስፈልገዋል አለው። ሌላ ተክል ያለው ተራራ ላይ ነው። ተራራ የሚወጣ ጉልበት አፖሎስ ዘንድ የለም። የአህያ ጋሪ ያላት ድሪካ ናት፤ እሷ በዕድሜ ብትበልጠውም እግሯ ደህና ነው። ሊስቤት ሳትጠየቅ ነገሩን ጨረሰችው፤ በሚቀጥለው አበባ ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኔ ጋሪ ያጥወለውለኛል አለች። ጋሪ አጥወልውሏት አያውቅም።

አበባው ሲመጣ ሄዱ። ድሪካ አህዮቹን ትነዳለች፤ አፖሎስ የክብሪት ቀፎና ከቀለም ብሩሽ የነቀለውን ቀጭን ፀጉር ኪሱ ውስጥ ይዞ ከጎኗ ተቀምጧል። ከመንደሩ ወጥተው ሜዳውን እስኪያጋምሱ የተነጋገሩት ስለ አህዮቹ ነው። ከዚያ ድሪካ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ ጀመረች።

«ፓስተርን በጡጦ ያሳደገው ካስፓር ነው።»

አፖሎስ ወደ እሷ ዞረ።

«እናትዮዋ ወልዳው ሞተች። አልጋው ሥር ነበር የሚያሳድረው። እኔ አወጣዋለሁ፣ እሱ ያስገባዋል። ወደ ባሕሩ ሲሄድ አደራ፣ ደህና አድርገሽ ያዢው ብሎኝ ሄደ።»

«አላወቅሁም ነበር።»

«መች ጠየቅህ።» አህያዋን በልጓሙ ነካ አደረገቻት። «አስከሬን አልመጣልኝም አፖሎስ። ጫማውን ነው ያመጡልኝ፣ ካደረበት ቤት። ጫማና ፍየል ነው የቀረኝ። አንተ መጣህና ይታረድ አልህ።»

አፖሎስ እጁን ጉልበቶቹ ላይ አኖረ። ያን ክረምት አግዳሚ ወንበሮቹን ራሱ ተሸክሞ ራሱ መልሷል፤ ወንበሮቹን ከመለሰ በኋላ ግን ስለ ካስፓር ያሰበበት ቀን ትዝ አላለውም። ጋሪው ደረቅ ወንዝ ተሻገረ፣ አቀበቱን ያዘ።

«ብያለሁ» አለ አፖሎስ።

«ብለሃል።»

 «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ አጥሩን ከፍ አደርገው ነበር።»

«አሁንም ከፍ አድርገው። አዲሶቹም ይዘላሉ።»

ተራራው ሥር ሲደርሱ አፖሎስ ጋሪው ጋ ቀረ። ድሪካ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቀፎውንና የብሩሹን ፀጉር ጉያዋ ውስጥ ከትታ በድንጋዮቹ መሃል ወጣች። አፖሎስ ከታች ሆኖ ያዛታል።

«አናቱን ጎንበስ አድርጊው።»

«እሾህ አለው።»

«እሾህ እንዳለው አውቃለሁ። የብሩሹን ፀጉር ወደ ውስጥ አስገቢያት፣ አዙሪያት፣ አውጪያት።»

«ራስህ ና።»

አፖሎስ ከዚያ በኋላ ያሰበውን ለአህዮቹ ብቻ ነገራቸው። ድሪካ ስትወርድ ክንዷ ተቧጭሮ ደምቷል፣ ቀፎው ግን ባዶ አልነበረም። ላይ ምን እንዳየች ጠየቃት። ጉድጓድ ነው፣ ከተክሉ ጉድጓዱ ይበዛል አለችው። ከያዘችው ዳቦና ደረቅ ዓሣ እያካፈለች ያየችውን ቦታ ሁሉ በጣቷ አሳየችው፤ ይሄ የቆመ ነው፣ ያ የተነቀለ ነው እያለች። ከታች ላለ ሰው ልዩነቱ አይታይም።

በማግስቱ አፖሎስ የሊስቤትን መነጽር አድርጎ የብሩሹን ፀጉር ወደ አበባው ጉሮሮ አስገባት። የፓምፕ ብሎን የለመደ እጅ ለዚህ አይሆንም፤ ላቡ ጠብ እስኪል ደከመ። ሊስቤት መስኮቱ ጋ ቆማ ታየው ነበር። አበባው ረገፈ፤ በሥሩ ሁለት ቀንድ የመሰለ ፍሬ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አደገ። ፍሬው ሲፈነዳ ነፋሱ እንዳይወስደው አፖሎስ በሊስቤት የሐር ካልሲ አሰረው። ካልሲው የቤተ ክርስቲያን ካልሲ እንደነበረ የታወቀው እሁድ ጠዋት ነው፤ ሊስቤት ባዶ እግሯን ጫማ አድርጋ ሄደች፤ ያን ቀን የተናገረችው ሁሉ እዚህ አይጻፍም።

ዘሩ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ጥቂቱን አፖሎስ በግቢው ዘራ፣ ጥቂቱን ድሪካ በራሷ ግቢ በቅቤ ጣሳ ዘራች። የቀረውን ተራራው ላይ ለመዝራት አሰቡ። አፖሎስ ለፎርቶይን ደውሎ ይህ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ አለው። ፎርቶይን የሚጠየቅ ሰው እንዳለ፣ ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ግን ዓመት እንደሚያልፍ፣ ዘሩ ደግሞ ዓመት እንደማይቆይ ተናገረ። ከዚያ «አባት፣ ስልኩ አይሰማም» አለ። ስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። አፖሎስ ቸር ዋል ብሎት ዘጋ።

ተራራው ላይ በዚህ ጊዜ አፖሎስም ወጣ። ሩቅ አልነበረም፣ የመጀመሪያው ቋጥኝ ድረስ ነው፤ ድሪካ ከፊት ትጎትተዋለች፣ እሱ ዱላውን ይሰድባል። ሌቦቹ የተዉአቸው ጉድጓዶች ግማሽ በግማሽ በአሸዋ ተሞልተዋል። በየጉድጓዱ ጥላ በኩል፣ ከድንጋይ ሥር፣ ሁለት ሁለት ፍሬ ዘር አስቀምጠው በጠጠር ሸፈኑት። አፖሎስ ጠጠሩ በዛ ይላታል፤ ድሪካ አነሰ ትለዋለች። ወገባቸው አልቃና ሲል ቋጥኙ ላይ ተቀመጡ። ከላያቸው አራት አምስት ግማሽ ሰዎች ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው ቆመዋል።

«ይህን የሚያህሉት መቼ ነው?» አለች ድሪካ።

አፖሎስ ቀና ብሎ አያቸውና አሰበ። «እኛ አናየውም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መቼ ነው ያልኩህ?»

አፖሎስ በጣቶቹ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው። ድሪካም ውሃዋን ጠጥታ ጠርሙሱን አቀበለችው።

ያን ክረምት ጥሩ ዘነበ፣ ቀጥሎ ያለው ግን እምብዛም ነበር። በጣሳዎቹ ከተዘሩት የበቀሉ አሉ፤ ተራራው ላይ የተዘራው ይብቀል አይብቀል ግን እስካሁን አልታወቀም። ሁለቱ በየዓመቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጋሪ ጠምደው ይሄዳሉ፣ ጠጠሩን ሳይነኩ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ሊስቤት ምን አያችሁ ስትላቸው አፖሎስ ሁልጊዜ የሚመልስላት አንድ ነው።

«ገና ነው።»